ሃያ ሦስት ፈረስ

መስከረም አጋማሽ፣ ውሃው ሲሸሽ ከዳር፣
ሣሩ ወገብ ደርሶ ያስጨንቀኝ ጀመር።
ሁለት ሄክታር ማንጎ፣ አራት የእንግዳ ቤት፣
ወራሚት ላይ አለኝ፣ የጣና ጎረቤት።
እንግዳው መንገዱን በሣሩ ውስጥ ሲያጣ፣
«እባብ አለ?» እያለ ባንድ እግሩ ሲወጣ፣
ያን ዕለት ነው ትራክተር የሚል ሐሳብ የመጣ።

ይርሳው አለ በርግጥ። ሃያ ዓመት ሙሉ
ባንድ ማጭድ ያጨደ፣ ጎንበስ ነው አመሉ።
ወገቡ ሲቃና ይሰማል እንደ በር፣
«ቅባት አጥቶ ነው» ይላል፣ ስቆ ሲናገር።

ሌላም አጫጅ አለኝ፣ ደመወዝ የማይጠይቅ፣
ናፍጣ የማይጠጣ፣ ቁልፍ የሚሉት የማያውቅ፣
ጨለማን ተገን አርጎ ከውሃ የሚዘልቅ —
ጉማሬ።
ይግጣል፣ ይላጫል፣ ሲነጋ ሣሩ ያምራል፤
የማንጎውን ችግኝ ግን ከሣር መች ይለያል?

ቅዳሜ ከይርሳው ጋር ከተማ ገባን፣
ባንድ ባጃጅ ታጭቀን፣ ሦስት ትራክተር አየን።

አንደኛው ቀይ ነው፣ አርባ አምስት ፈረስ፣
ቆሞ እንኳ ይፎክራል፣ ጎማው ደረት ሲደርስ።
ሻጩ አቶ ልጃለም በመሐረብ ጠረገው፣
«ይሄ ጋራ ይንዳል!» አለና ዳበሰው።
«እኔ ጋራ የለኝ፣» አልኩት፣ «ሣር ነው ያለኝ፤
መሬቴ ዋልካ ነው፣ ሐምሌ ላይ የሚውጠኝ።
ይህን ያህል ብረት ረግረግ ላይ ቢቆም፣
በበሬ ነው እንጂ በሌላ አይወጣም።»

ሁለተኛው ትንሽ፣ ወንበሩ ለስላሳ፣
ሆዱ ሥር ምላጭ ያለው፣ ሌላ ሥራ የረሳ።
«ጋሪ ይጎትታል?» አይ። «ፍግ ያነሣል?» አይ።
ይርሳው በጆሮዬ፣ «የሀብታም ልጅ ነው ወይ?»

ሦስተኛው ከጥግ፣ አቧራ የለበሰ፣
ባንድ ጎኑ ፀሐይ ቀለሙን የላሰ፣
ሃያ ሦስት ፈረስ።
ከኪሴ ገመድ አወጣሁ፣ ሦስት ቋጠሮ ያለው፦
አንዱ የአጥሩ በር፣
አንዱ ከማንጎ እስከ ማንጎ መሀል ያለው አየር፣
አንዱ ከመሬት እስከ ዝቅተኛው ቅርንጫፍ፣
ነጂ ጎንበስ ሳይል፣ ቆቡ ሳይወልቅ የሚያልፍ።
ዘረጋን፣ ለካን። ልክ ነው።

ይርሳው ግን ተንበርክኮ ምላጩን ነካካ፣
እንደ ማጭድ ስለት ባውራ ጣቱ ለካ፣
ከዚያ ቀና ብሎ፣
«እንቁላል ላይ የተኛች ቆቅ ሲያገኝ ይቆማል?»
«የምን ቆቅ?»
«ሣር ውስጥ አለች። ማጭዴ ያውቃታል።»

አቶ ልጃለም ስለ ዋስትና፣ ስለ መለዋወጫ፣
ባሕር ዳር ስላለው መካኒክ፣ ስለ ዘይት መቀየሪያ
ብዙ ነገረን። ለቆቋ ግን መልስ አልነበረውም፤
በያዘው ወረቀት እሷ አልተጻፈችም።

የሦስት ዓመት ማንጎ ባንድ ፊርማ ሄደ።

ዛሬ ጠዋት ይርሳው ወንበሩ ላይ ወጣ።
ማጭዱን ከጀርባው፣ ከብረቱ ላይ ሰካ።
ሃያ ዓመት ሣሩን ከሥር ያየ ሰው
ዛሬ ከላይ አየው፤
ጥቂት ዝም አለና ቁልፉን አዞረው።

እስከ ቀትር ሄደ፣ ሣሩ ተኛ በተራ።
ከዚያ መሀል ሜዳ ሞተሩ ጸጥ አለ።
ተበላሸ ብዬ ስሮጥ፣
ይርሳው ወርዶ፣ ማጭዱን ይዞ፣
የሰፌድ ያህል ሣር ዙሪያውን እያጨደ፣
መሀሉን ግን ሳይነካ።
«ቀስ በል፣» አለኝ፣ «ተኝታለች።»

አሁን ሌሊት ነው።
ከውሃው ዳር ያ ትልቅ ትንፋሽ ይሰማኛል።
ሁለት ሄክታር ሙሉ አጭደን ጨርሰን
ለጉማሬው የቀረችው ያች ክብ ብቻ ናት።
ሃያ ሦስቱ ፈረስ ጋጣቸው ተኝተዋል፤
ይርሳው ባትሪ ይዞ ወጥቷል።