ያዝ ያለ ሰው

ልምምድ ከወጣሁ ሦስተኛ ሳምንቴ፣
የፊርማ ደብተሬ ከብብቴ፣
የእርሳስ ሽርጡ ትከሻዬን ቁልቁል ሲጎትተው፤
(እኔ የማውቀው እርሳስ፣ ሲሳሳት በላጲስ የሚጠፋው ነው።)

ባሕር ዳር ገና በጠዋቱ ወብቃ፣ ከራጅ ክፍሉ ደጅ ወረፋው ረዝሟል፤
ባጃጅ የገለበጠው ልጅ፣ ክንዱን በነጠላ አንጠልጥሎ ያቃስታል፤
ነፍሰ ጡሯን፣ «ያንቺ እዚያ ማዶ ነው» እያለ፣ ዘበኛው ይመልሳል።

አቶ ይታያል
(ስሙን ከሥራው ጋር ማን እንዳዛመደው፣ አዲስ ተማሪ ሁሉ ይጠይቃል)
«ዛሬ ያንተ ተራ ነው» አለኝ፤ «እኔን የለም በል።
ደረት ነው፣ በቁም፣ ከኋላ ወደ ፊት። ምልክቷን አትርሳ፣ ቀኙን ግራ አትበል።»

ገቡ ጋሽ ጡሃ፣
ደንገል ጠፍረው ታንኳ የሚሠሩ፣ ዕድሜያቸውን የፈጁ ከውሃ።
ሸሚዛቸውን ሲያወልቁ፣ የዓሣ ሽታ ክፍሉን ሞላው፤
«ሁለት ወር አለፈው» አሉ፣ «ይህ ሳል። ሌሊት ነው የሚብሰው።»

አገጫቸውን አቀናሁ፣ ትከሻቸውን ወደ ፊት ገፋሁ፤
እጄ ቀዝቃዛ ነበር መሰል፣ ቆዳቸው ሲሸሽ አየሁ፤
ይቅርታ ሳልላቸው፣ ወደ መስታወቱ ማዶ አለፍሁ።

«አየር ይሳቡ… በደንብ… ይያዙት!»
ያዙት።

ቁልፉን ተጫንኩ፤ ማሽኑ ጮኸ፤ ምስሉ መጣ፤
እኔም ፈዝዤ ቀረሁ፣ ዓይኔ ከስክሪኑ ሳይወጣ።
ጎድን ከጎድን፣ እንደ ደንገል ነዶ ተጠፍሮ፣
ልብ ወደ ግራ አጋድሎ፣ ታንኳ መስሎ ዳር አድሮ፤
ከቀኙ ጫፍ ግን፣ ከላይ፣ የማለዳ ጉም የመሰለ፣
(እዚህ ቤት ጥቁሩ ጤና ነው፤ የሚያስፈራው ነጩ ነው)
ትንሽ ነጭ ነገር አለ።

ስንት ሰኮንድ ሄደ? እኔ እንጃ።
ከመስታወቱ ወዲያ፣ ጋሽ ጡሃ እንደቆሙ ናቸው፣
ደረታቸው እንደተነፋ፣ ሥር ተገትሮ ባንገታቸው፣
ጉሮሮ የደረሰ ሳል በጥርሳቸው ነክሰው፣
የሚጠብቁ፣
«ይልቀቁ» የሚላቸው ሰው።

«ይልቀቁ! ጋሼ፣ ይልቀቁ!»
ግድግዳውን ይዘው ሳሉ፣ ሳሉ፣ ደግሞ ሳቁ።
«እኔስ» አሉ፣ «በልጅነቴ መረብ ስፈታ፣ ከውሃው ሥር ከዚህም ቆይቻለሁ፤
ያኔ ግን ያዝ የሚለኝ የለ፤ መውጫዬን ራሴ አውቃለሁ።»

ማታ አቶ ይታያል ፈረመልኝ። «ምስሉ ደህና ነው» አለ። «አልተዛባም። ትንፋሹም በቂ።»
የእስክሪብቶውን ክዳን ሳይገጥም ቆየና፦
«ያዝ ያልከው ሰው፣ ትንፋሹ አንተ ዘንድ አደራ ነው።»

በሐይቁ ዳር ወደ ቤቴ።
አንድ ታንኳ ከደንገሉ መሃል ቀስ ብሎ ይወጣል።
የአክታቸው ውጤት ለሐሙስ ነው።
ሳላውቀው፣ እኔም ትንፋሼን ይዤ ኖሯል።