መካከለኛ ደረጃ

ስድስት ኪሎ፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሰኞ ከሰዓት፣
አሥራ አራት ተማሪ፣ ሰባት መጽሐፍ፣ አንዱ ለሁለት፣
የተሰነጠቀ መስኮት፣ በፕላስተር የተያዘ፣
የጠመኔ ብናኝ አየሩ ላይ የፈዘዘ።
መምህርት ኦርኔላ እጇን እያወዛወዘች
«ጀማሪነት አበቃ፣ ዛሬ መካከል ናችሁ» አለች።
ሐምዲያ ሹክ አለችኝ፤ «መካከል ማለት እንግዲህ
ወደ ፊትም ሩቅ፣ ሩቅም ወደዚህ።»

ቃሉ አልከበደኝም፤ እኔ የመካኒክ ልጅ ነኝ፣
ከመኪና ሥር አንድ እጅ «ካቻቢቴ!» እያለ የጠራኝ።
ፒንሳ፣ ቡሎን፣ ላሜራ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣
ሀ ሁ ሳልቆጥር የቆጠርሁት የጋራዥ ፊደል ሁላ።
ኦርኔላ የሻማ ሥዕል ሰሌዳው ላይ ስላ
«ይህስ?» ብትል ክፍሉ ዝም፤ መልሱ ግን ካንዴላ።
«ሞተር የሚያስነሣው?» ብዬ ብጠይቃት ደንግጬ
ሳቀች፤ ሳቅን፤
እኔ ግን ቤት እስክገባ ቃሉን ይዤው ነበር ጨብጬ።

ማታ ለአባቴ ነገርሁት። እጁን በናፍታ እየታጠበ
«ካንዴላ ጣልያንኛ ነው?» አለ፤ ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ።
«እንግዲያ አማርኛዬ ከወዴት ነው የሚጀምር?
ቡሎኑ የነሱ ከሆነ፣ ለኔ ማጥበቁ ብቻ ይቅር?»

የቤት ሥራ ደግሞ አለ፦ «ከቤታችሁ ያለውን
የጣልያንኛ ቅሪት ጻፉ፤ ማን እንዳለው፣ መቼ እንደሆን።»
አያቴ በአምስቱ ዘመን፣ ገና በአሥራ ሁለት ዓመቱ
መንገድ ሥራ ድንጋይ ሲፈልጥ የሰማው ነበር ሀብቱ።
አባቴ በጣት ቆጠረልኝ፤ ስድስት ቃል፦
አቫንቲ። ፕሬስቶ። ዚቶ። ቪያ። ፌርሞ። ሱ።
ስሙን ሲረሳ እንኳ በእርጅና፣ እነዚህ አልተረሱ።

ደብተሬን ገልጬ መደብሁ፤ ሁሉም ትእዛዝ አንቀጽ፤
ወይ ውሃ፣ ወይ ሰማይ የለ፣ ወይ «እባክህ» የሚል ገጽ።
አያቴ ቋንቋ አልተማረም፤ ጀርባው ነው የተማረው፣
ቃሉ ሳያልቅ ድንጋዩን ከመሬት የሚያነሣው።

ክንፈሚካኤል ባህል ሲነሣ አይችልም ዝምታ፦
«ከምሳ ወዲያ ወተት ነውር ነው? እኛ እኮ እስከ ማታ
ፒያሳ ቆመን ማኪያቶ...» ኦርኔላ ፈገግ አለች፣
«ማኪያቶ ማለት እድፍ የነካው ነው» ብላ ጻፈች።

ስታስተምር ሁልጊዜ ጀርባዋን ለመስኮቱ ሰጥታ ነው።
ከኋላዋ የየካቲት ሐውልት፣ ጫፉ ከዛፉ በላይ የሚታየው።
አውቃ ይሁን ሳታውቅ አልጠየቅናትም።
አንድ ቀን ግን ዞር አለች፤ ጠመኔዋ ቆመ፤ አልጻፈችም።
«ኢምፔርፌቶ» አለች በዝግታ፣
«ኃላፊ ነው፣ ግን ያላለቀ፤ ሲሆን የነበረ፣ ያለ መዝጊያ፣ ያለ ማብቂያ ቦታ።»
ለሁሉም ደንብ ምሳሌ ትሰጥ ነበር።
ለዚህ አልሰጠችም።

በዚህ ሳምንት ያለነው «ቮሬይ» ላይ ነው፤ መጽሐፉ እንዳለው
ፍላጎትን ባርኔጣ አስወልቆ ደጅ የሚያስጠና ቃል ነው።
«ቮሬይ አንድ ማኪያቶ።» «ቮሬይ ትንሽ ውሃ።» «ቮሬይ መውረድ።»
አሥራ አራታችን ባንድ ድምፅ፤ ለስለስ፣ ዘግየት፣ ጎንበስ፣ ወረድ።
ለአያቴ ይህን ቃል ማንም አንድ ቀን አላወጣለት፤
ያኔ መርከቡ ሲጫን ምናልባት ቦታ ጠፋለት።

ሲመሽ፣ ሰባ ደረጃ ስወርድ፣ መሐሉ ላይ ቁጭ አልሁ።
ከላይም ሠላሳ አምስት፣ ከታችም ሠላሳ አምስት፤ ቆጠርሁ።
«ኖኖ» አልሁ፣ አያቴ ሆይ፣ በማትወደው ቋንቋ፣
«ቮሬይ...» ከዚያ ግሡ ጠፋኝ።
ምን ልመኝልህ? ውሃ? ጥላ? ስምህን የሚያውቅ አለቃ?

ጀሪካን ያዘለ ሽማግሌ ከታች እያቃሰተ መጣ፤
«እስቲ ጠጋ በይልኝ ልጄ» አለኝ፣ ላቡን እየጠረገ፣ ሳይቆጣ።
ትእዛዝ አንቀጽ ነው። አውቃለሁ። ደብተሬን አጥፌ ተጠጋሁ፤
ጀሪካኑን ባንድ ጆሮው ይዤለት
የወረድሁትን መልሼ ወጣሁ።