ሞላላ ቀዳዳ

ራንጌል አናጢው በማለዳ መጣ፣
ኮቱ ሙጫ ሙጫ የሚሸት፣ እጁ ከኪሱ የማይወጣ።
"ስቶይና፣ አንቺ የተማርሽ፣ እስኪ ይህ ምንድነው?
የሚስቴ ሣጥን ነው ሌሊቱን ያማጠው።"
አወጣው ብልቃጡን፣ የልቡን ኪኒን ይይዝ የነበረ፣
አረንጓዴ ፍም በውስጡ ያደረ።

ጥንዚዛ።
የጣት አንጓ ያህላል፤ ጀርባው የተወለወለ፣
ዳር ዳሩን በቀይ መዳብ የተከለለ፣
ብርሃን ሲነካው ወርቅ፣ ጥላ ሲያርፍበት ቅጠል የመሰለ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት በፒሪን ሥር ያስተማርኩ፣
የነፍሳትን ስም በጠመኔ የጻፍኩ፣
ይህን በዐይኔ አላየሁም፤ በወሬ ግን አውቀዋለሁ፣
ሩቅ አገር እንዳለ ዘመድ፣ ስሙን ሰምቻለሁ።

መጽሐፌ ይጠይቃል፣ እንደ ጨካኝ ዳኛ፦
ግንባሩ ቢጫ ነጥብ አለው ወይስ የለም?
የለም።
ታዲያ ያ በየጉቶው የሚርመሰመሰው አይደለም።
በአንዱ ክንፍ ሽፋን ስንት ሸንተረር አለ?
አራት፤ አምስተኛው ከዳሩ ተቀላቀለ።
ቆጠርኩ፣ ደገምኩ፤ ራንጌልም ቆጠረ፣
በወፍራም ጥፍሩ ብልቃጡን እያዞረ።
"አራት ነው" አለ፣ "ስንት መሮ የጨረስኩ ነኝ፣
የእንጨት መስመር ቆጠራ መጽሐፍ አይቀድመኝ።"
የክንፉስ ጫፍ? ሾጣጣ ነው ወይስ ቁርጥ ያለ?
ገለጥኩ። ቀጣዩ ገጽ የለም፤ ተቀዷል፣
ድሮ አንድ ተማሪ ጀልባ ሠርቶበታል፣
ወንዙ ወስዶታል።

"ሣጥኑ የምን እንጨት ነው?" አልኩት።
ባርኔጣውን አወለቀ።
"ከላይ፣ ከነጩ አለት፣ ነፋስ የጣለው አሮጌ ጥድ ነበር፤
ራይና ናት የመረጠችው፣ 'ይሄ ይሁን' ያለች፣
መጋዙን በአንድ ጫፍ እኔ፣ በአንድ ጫፍ እሷ እየሳበች።
ዛሬ አርባ አንድ ዓመቱ፤
ካለፈች ደግሞ ስድስቱ።"

ያን ሁሉ ዘመን፣ ሊጥ የመሰለ ትል፣ ዐይን የሌለው፣
ደረቅ እንጨት እያላመጠ፣ ምግቡ እያነሰው፣
ክዳኑ ሲከፈት፣ ክዳኑ ሲዘጋ፣
ልጅ ሲዳር፣ አንሶላ ሲታጠፍ፣ ሲመሽ ሲነጋ፣
በሣንቃው ሆድ ይጓዝ ነበር፣ በቀን የፀጉር ውፍረት ያህል፣
ማንም ሳይሰማው፤ ቢሰማም "ቤቱ ነው የሚንቋቋ" ሲባል።

"እሷስ ትሰማው ነበር። ሌሊት ትቀሰቅሰኝ ነበር፣
'ሣጥኑ ይተነፍሳል' እያለች።
የእኔ መልስ 'ተኚ' ነበር።"

ቤቱ ሄድን። አሳየኝ፣ ከመቆለፊያው ሥር፣
ክብ አይደለም፣ እንደ ቅርፊት በሊታዎቹ ምስር፤
ሞላላ ነው፣ በግማሽ እንደ ተከደነ ዐይን፣ ጠርዙ የጠራ።
ብናኙ ሻርፗ ላይ ወርዷል፣
እንደ ዱቄት፣ ያልተጠረገ፣ ያልተነካ።

ኤተርና መርፌ በቦርሳዬ አሉ።
በእርግጥ ለማወቅ ሆዱን ገልብጦ ማየት፣
በእርግጥ ለማየት መግደል ነው።
ራንጌል ቦርሳውን አየው።
"አርባ አንድ ዓመት ጠብቆ?" አለ፣ ሌላ አልጨመረ።
እኔም ለክንፉ ጫፍ ብቻ ብዬ ክዳኑን ከፈትኩት፤
ፀሐይ መስኮቱ ላይ ነበረች፣ ያንን ረሳሁት።

ሞቀው። ሽፋኑ ተነሣ፣ ከሥሩ ሰማያዊ ሆድ፣
ተነሥቶ መስታወቱን መታ፣ እንደ ተወረወረ ጠጠር፤
ራንጌል መስኮቱን ከፈተ፣ ሳይቸኩል፣
የቤት እንግዳ እንደሚሸኝ።
ጫፉ ቁርጥ ያለ መሰለኝ።
መሰለኝ ብቻ። መማል አልችልም።

ማታ መዝገቤን አወጣሁ፦
ቦታ፣ የራንጌል መኝታ ቤት። ወር፣ ሐምሌ። ብዛት፣ አንድ።
እንጨት፣ የአለት ጥድ።
ስም በሚለው ላይ በእርሳስ ጻፍኩ፣ አጠገቡም ጥያቄ ምልክት።
"አግኚ የሚለው ባዶ ነው" አለኝ በትከሻዬ አሻግሮ።
"ያንተን ልጻፍ?"
"የሷን" አለ። "ቀድማ የሰማችው እሷ ናት።"
ያንን በቀለም ጻፍኩት፤ ራይና።