ከሻካራው ወገን

በዜልብ ከተማ፣ ከጥዱ ጫካ ሥር፣
ስድስት ጭስ ማውጫዎች ነበሩ ባንድ መስመር።
ዛሬ አንዱ ቀርቷል፤ እሱም ጭስ አያውቅም፣
ሽመላ ጎጆ ሠርታበታለች፤ ኪራይ አትጠየቅም።

ኩኒጉንዳ እዚያ ነው ዕድሜዋን የፈጀች፣
የፖርሰሊን ሳህን ጠርዝ ስትልግ ያረጀች።
ጥፍሯን በጠርዙ ላይ ታስኬደዋለች፤
ቅንጣት ከያዛት «ወዲያ!» ትላለች።
ሻካራ ለእሷ ነውር ነው፤ ዕጣው ከቅርጫት ውስጥ፣
ከገበያ ማግስት በሩብ ዋጋ የሚሸጥ።

እኔ ፋልክ፣ የእህቷ ልጅ፣ የማገኘው እንጀራ
የለሰለሰ ሴራሚክ በማሻከር ነው፣ በሌዘር ሥራ።
ክፍሌ ባይሮይት ውስጥ ነው፣ መስኮት የሌለው ምድር ቤት፤
ከላይ ፊዚክስ ይማራሉ፤ ይሰማኛል የወንበር ጩኸት።

ዚርኮኒያ ይሉታል፤ ነጭ ነው፣ እንደ ወተት ጥርስ፣
መጠኑ ከሸሚዝ ቁልፍ የማይበልጥ፣ የማያንስ።
መነጽሬን አጠልቄ ከሌንሱ ሥር አኖረዋለሁ፣
በሩን እዘጋለሁ፤ ትንፋሼን እይዛለሁ።
እሳት የለም፣ ጢስ የለም፤ ትንሽ እንደ ፌንጣ
ይንጣጣል ብርሃኑ፣ ፈር ከፈር ሲያወጣ።
የፈሩ ስፋት ቢለካ ያንድ ፀጉር ሢሶ፤
ዓይን ስቶት ያልፋል፤ ጥፍር ያገኘዋል ዳስሶ።
ጉልበቱ ከበዛ ግን ስንጥቅ ይከተላል፤
ዓርብ ዕለት ብቻ አምስቱ እጄ ላይ ፈርሰዋል፤
የአለቃዬ ዝምታ የአንዱን ዋጋ ይናገራል።

ከዚያ ሴሎቹ ይመጣሉ፣ ሮዝ ፈሳሽ ውስጥ ሆነው፣
በሠላሳ ሰባት ዲግሪ፣ እንደ ሰው ገላ ሞቀው።
አጥንት ገንቢ ናቸው፤ ግንበኛ መሬት ይሻል፤
ልስልሱ ላይ ያረፈው ድቡልቡል ሆኖ ይሸሻል፤
ሲያጥቡት የሚታጠብ፣ ሲደፉት የሚፈስ፣
ለማደር የመጣ እንግዳ፣ ደጅ ቆሞ የሚመለስ።

ፈር ያገኘው ግን፣ በሦስተኛው ቀን ማለዳ፣
በማይክሮስኮፑ ጨለማ አረንጓዴ ሆኖ፣
ክንዱን በቦዩ ልክ ዘርግቶ፣ ጎረቤቱን ጨብጦ፣
ባለ ርስት ሆኗል፣ ትናንት የነበረ እንግዳ።
«ቤት ለእንግዳ!» አልኩት፣ ብቻዬን፣ በመስታወቱ፤
ማንም አልሰማኝም፤ አሥራ ሁለት ነበር ከጠዋቱ።

የአክስቴ ሰው ሠራሽ ጥርስ አምና ተነቃነቀ፤
ከስምንት ወር በኋላ ከነሥሩ ወለቀ።
በመሐረብ ጠቅልላ ይዛው መጣች እሑድ፤
«አየህ፣ ልስልስ ነው፤ ምንም ቧጨራ፣ ምንም ጉድጓድ፤
እኔ የላግሁት ይመስላል፤ ታዲያ ምን ጎደለው?»
መልሱ አፌ ላይ ነበር፤ በሻይ አወራረድኩት፣ ሳልናገረው።

ዝም ብዬ ከኪሴ አንዷን ነጭ ቁልፍ አውጥቼ
መዳፏ ላይ አኖርኩ፣ ፊቷን በጎን አይቼ።
ጥፍሯ ሄደ፤ ቆመ፤ ተመለሰ ደግሞ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት በጥፍሯ ጫፍ ቆሞ።
«ይህ የቅርጫት ነው» አለች፤ ግን አልመለሰችው፤
እያወራን ሁሉ ባውራ ጣቷ አሸችው።

«የሥጋዬ ቁራጭ፣ የአጥንቴ ፍላጭ ያልሆነ፣
ምድጃ ውስጥ ተወልዶ፣ እሳት ላይ የጀገነ፣
እንዴት ዘመድ ይሆናል? በምን ውል?» አለችኝ።
«በቁስሉ» ልል ፈለግሁ፤ ቃሏ ግን ከበደችኝ።
«በፈሩ» አልኩ ብቻ።

ገና ብዙ ይቀራል፤ ሳህን ሌላ፣ መንጋጋ ሌላ፤
እሷ ሰባ ስምንቷን ይዛለች፤ ባንድ ጎን ታኝካለች፣ ስትበላ።

ሰኞ ጠዋት ስንቆጥር ካርባው አንዱ ጎደለ፤
መዝገቡ ላይ «ተሰነጠቀ» ብዬ ጻፍኩ፤ ማን ምን አለ።
እሷ ዘንድ ነው፤ በሹራቧ ኪስ፣ ከመሐረቡ ጋር፣
ጥፍሯ እየሄደበት፣ ከፈር እስከ ፈር።