ያልተመዘገበ

ሞንታና ነው አገሩ፤ መዳቡ ያለቀ ከተማ፤
ችሎቱ ውስጥ ከዳኛው በፊት የማሞቂያው ሳል ተሰማ።
ሦስተኛው ወንበር ላይ ነኝ፣ ካፖርቴን ሳላወልቅ፤
በማላውቀው እጅ የተጻፈ ስሜ እስኪነበብ ልጠብቅ።

ሰማያዊ ደብተር ነው። አርባ አንድ ስም አለበት።
አስራ አንደኛዋ እኔ፦ ቬርና፣ የምርጫ ጸሐፊ፣ ቀይ በር ያለው ቤት።
"ውሻዋን ታወጣለች፣ ማታ ለሦስት ሩብ ጉዳይ ሲሆን።"
እጁ አልተንቀጠቀጠም፣ ሲጽፈው ሰዓቴን።

ጋራዡ ውስጥ አምስት ቧንቧ፣ ባሩድ፣ ምስማር በቆርቆሮ፤
"ለምንህ ነው?" ሲሉት፣ "ለጉቶ መንቀያ" አለ፣ ፊቱን አዙሮ።

ዐቃቤ ሕጓ ሊንድክቪስት፣ እንቅልፍ ያጣ ፊቷን አሻሽታ፣
"ቃሉማ አለ" አለችኝ ኮሪደሩ ላይ፣ መጽሐፏን ከፍታ፤
"የአገር ውስጥ ሽብር ምን እንደሆነ፣ ተፈትቷል በግልጽ።
ከሥሩ ግን አንቀጽ የለም፣ ቅጣቱን የሚገልጽ።
ባሕር ማዶ ካለ ቡድን ጋር ቢገናኝ ክሩ፣
መንገድ ነበረን። ይህ ግን የዚሁ ልጅ ነው፣ የሰፈሩ።"

ስለዚህ ክሱ፦ "ያልተመዘገበ ፈንጂ ይዞ መገኘት።"
ያልተመዘገበ! ሳቄ መጣ፤ በጓንቴ አፈንኩት።
ቢያስመዘግበውስ ኖሮ?
እዚያ ቤት በወጉ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ፤
ከነመንገዴ፣ ከነውሻዬ።

ተነሣ ጠበቃው ታልማጅ፣ ጠረጴዛውን ተደግፎ፤
"አባቴ ይህን ስም ተቀብሏል፣ ስለ ደሞዝ ተሰልፎ።
ለአንድ ሰው ብላችሁ ዛሬ ብታሰፉት ጥብቆውን፣
ነገ የሚለብሰውን ሰው አትመርጡም፣ አታውቁም ልኩን።"

ጠላሁት።
እውነቱን ነው ደግሞ። አባቴም ከዚያ ሰልፍ ውስጥ ነበረ፤
ፎቶው ሳሎኔ ተሰቅሏል፣ ኮፍያውን እንዳጣመመ።

ስም መጻፍ ወንጀል ነው? ምስማር መግዛት? የሰው ውሻ ማየት?
ሐሳብ የቱ ጋ ያልቃል፣ የቱ ጋ ይጀምራል ድርጊት?
በረዶው እስኪቀልጥ ድረስ ቃሉን ሲፈቱት፣ ቃሉን ሲፈቱት፣
በሚያዝያ ሰውየውን በዋስ ፈቱት።

ቁርጭምጭሚቱ ላይ መብራት ያለው ቀለበት አስረውለታል፤
ከእናቱ ቤት እንዳይርቅ። የእናቱ ቤት ከእኔ ስድስት ቤት ያልፋል።

አሁን ለሦስት ሩብ ጉዳይ ነው። ውሻዬ በሩን ይቧጭራል።
"ቆይ" አልኩት።
እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ግን አልነገርኩትም።