ከአገጭ እስከ ጎርጎራ

ፒያሳ፣ ከፖስታ ቤቱ ወረድ ብሎ በግራ፣
አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት፣ ንፋስ የሚያንኳኳው ጣራ፤
የአያ አጣናው ነው፣
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መርከብ ላይ የላጨው።

እኔ ጡረተኛ ነኝ፣ የጂኦግራፊ መምህር፣
ሠላሳ ሁለት ዓመት በጠመኔ የቀዘፍኩ፣ ከሰሌዳው ዳር እስከ ዳር።
ዳኑብን በሰማያዊ፣ ራይንን በነጭ ስስል፣
እኔን የነካኝ ውኃ የፋሲል ገንዳ ብቻ ነው፣ ለጥምቀት በዓል።

ዘንድሮ ዕቁብ ደረሰኝ።
«አያ አጣናው» አልኩት፣ አረፋው ከንፈሬን ሸፍኖት፣ «በመርከብ ልሄድ ነው፤
የትኛው ወደብ ይታያል? የቱስ ወንዝ ነው የሚያስከፋው?»

ምላጩን በቀበቶ ሳለ።
ወዲያ ወዲህ። ዝም አለ።
ከዚያ ከቀኝ ጉንጬ ጀመረ፦

«ሊዝበንን በጠዋት ግባበት፤ ጭጋጉ ሲነሣ እየው፤
ልክ እንደኛ ዳገት ነው፣ ጉልበት ላለው ሰው ነው።
ሰርዲን በር ላይ ይጠብሳሉ፤ ጢሱ ኮትህን ይይዛል፤
ሁለት ወር ታጥበዋለህ፣ ሁለት ወር ሊዝበን ይሸታል።»

«በርገንስ?»
«ዝናብ። የሐምሌ ደባርቅ በለው፣ ባሕር የተጨመረበት፤
ሦስት ጃንጥላ ገዛሁ፣ ሦስቱንም ንፋስ ወሰደው በአንድ ሰዓት።
ግን ከዚያ ወዲያ ተራራው ተሰንጥቆ ባሕሩን ሲያስገባው!
ስሜንን ውኃ ሞልተህ አስብ፤ ጭላዳው ብቻ ነው የቀረው።»

አገጬን ቀና አደረገው። «አትናገር፣ እዚህ ጋ ቆዳህ ስስ ነው።
ዳኑብ ሰማያዊ አይደለም፤ ያስተማርከው ውሸት ነው።
እንደ ክረምት መገጭ ድፍርስ። ቡዳፔስት ላይ ግን፣ ድልድዮቹ መብራት ሲለብሱ፣
ሽማግሌዎች ፍል ውኃ ውስጥ ቼዝ ይጫወታሉ፣ እስከ ደረታቸው እየራሱ።
ዛንዚባር ከመርከብ ሳትወርድ ቅርንፉዱ ይቀበልሃል፤
መንገድ ላይ ተሰጥቶ ስታየው፣ እዚህ በፍሬ የገዛኸው ይቆጭሃል።

አስዋን...» አለና ምላጩን አነሣ።
«ባለ ነጭ ሸራ ጀልባ፣ ፀሐይ አሸዋው ውስጥ ስትገባ፣
ቀዛፊው ‹ከየት ነህ?› አለኝ። ‹ከጎንደር።› እጁን ከውኃው አገባ።
‹እንኳን ደህና መጣህ› አለ፤
ውኃውን ነው፤ ወደ እኔማ ዞር እንኳ አላለ።»

ሳህኑን በሩ ድረስ ወስዶ አረፋውን ከነጢሜ ደፋው፤
ቦዩን ይዞ ሲወርድ ዓይኔ ተከተለው።
በጠመኔ የማውቀው መንገድ ነው፦ ከቀሃ ወደ መገጭ፣
ከመገጭ ጣና፣ ከጣና ዓባይ፣ ግድቡ ጋ ትንሽ ተኝቶ ደግሞ ወደ ታች...
ጢሜ አስዋንን ሊያይ ነው፤ እኔ እዚህ፣ ፎጣ አንገቴ ላይ፣ በግማሽ የተላጨ አገጭ።

«አንተስ የቱን ትመርጣለህ?»
«እውነቱን ልንገርህ? መስኮት አልነበረኝም።
ከውኃው በታች ነው የምንተኛው፤ ሌሊቱ ከቀን አይለይም።
ወደብ ላይ ሁለት ሰዓት ፈቃድ፤ ከተማን በሩጫ አየሁት፤
ቀሪውን ከደንበኛ አፍ፣ እየላጨሁ ለቀምኩት።
ሊዝበን የአንድ ሐኪም ናት፤ ዛንዚባር የአንድ ነጋዴ፤
ጃንጥላዎቹም የእኔ አልነበሩም። አስዋን ብቻ ናት የእኔ ድርሻ፣ የእኔ ጉዴ።»

«ጎርጎራስ?»
«ስልሳ ኪሎ ሜትር... አላየሁትም» አለ።
እኔም አላየሁትም። መስታወቱ ውስጥ ሁለታችንም ላይ ሳቅ ታየ፣ ዋለለ።

ሰኞ ዕረፍቱ ነው። በአዘዞ፣ በቆላ ድባ፣ በሚኒባስ ወረድን።
ጥጋቡ የሚባል ልጅ ጀልባ ነበረው፤ ተከራከርን፤ ተሳፈርን።

ከዳር ሳንርቅ፣ አሥራ አንድ ዓመት ውቅያኖስ ያልነካው ሰው፣
ጠርዙን በሁለት እጁ ይዞ ቁርሱን ለጣና ሰጠው።
ጥጋቡ ሳቀ። እኔ ጀርባውን ያዝኩት።
«ምን ላድርግ» አለ አፉን እየጠረገ፣
«ይሄ እኮ ሁሉም መስኮት ነው፤ ውኃን እንዲህ መቼ አየሁት?»

የዕቁቡ ብር ኪሴ ውስጥ አለ፤ ፖስታው ብቻ ትንሽ ረጠበ።
የት እንደምሄድ አልወሰንኩም። እሱ ግን፣ ሆዱ ሲረጋለት፣
«በርገን፣ ሁለት ትኬት...» ብሎ በጣቱ ቆጥሮ አሰበ።