ስንቱን ልሳመው

ከሌሊት ጥበቃ ስመለስ ጎሕ ሲቀድ፣
ዘይነባ በር ላይ ናት፣ ጫማ አጥልቃ ልትሄድ።
"ዱባው ተቀቅሏል፣ ቴምሩም ተልጧል" ትለኛለች፤
ልጅቱን አሳቅፋኝ ደረጃውን ትወርዳለች።
ከዚያ በኋላ እኔና ሒክመት ብቻ ነን፣
አጅማን፣ አራተኛ ፎቅ፣ በኮምፔንሳቶ ተከልለን።

ከኮምፔንሳቶው ማዶ ሲስተር ሻይኒ አለች፣
በተሰባበረ ዐረብኛ እንዲህ ስትል መከረች፦
"አታጉርሳት። ተዋት፤ ራሷ ትያዘው፣
በጣቷ ትጨፍልቀው፣ ከመዳፏ ትላሰው።"
እኔም በዚያው ዐረብኛ፦ "እኛ ዘንድ እንዲህ ይባላል፤
አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለቱ ያፋቅራል።"
"ባዶውስ?" አለች ስቃ። ዝም ብዬ ቀረሁ፤
ወላሂ፣ ለባዶው ተረት አልሰማሁ።

እናም ወንበሯን ከግድግዳው አርቃለሁ፣
የሁለት ድርሃም ሱፍራ ከሥሯ እዘረጋለሁ፤
ምንጣፉ ነጭ ነው፣ የአከራይ፤ አንዲት ጠብታ ካየበት
ላስያዝነው ገንዘብ ፋቲሓ እንቅራበት።
ልብሷን አወልቃለሁ፤ ዳይፐሯ ብቻ ሲቀር፣
እንደ ሰፈር ጎረምሳ ደረቷን ነፍታ በወንበር
ትጠብቀኛለች።
ቢስሚላህ።

ዱባው መጀመሪያ ግንባሯን አገኘ፣
ቀጥሎ ጆሮዋን፤ አፏ ተከፍቶ እንደ ተመኘ
ቀረ።
ሩዙን በመዳፏ ጠፍ ጠፍ አድርጋ ዘራችው፣
ገበሬም በሰኔ እንዲህ አያዳርሰው።
አንድ ፍሬ ቅንድቤ ላይ፣ አንድ መጋረጃው ላይ፤
እርጎው በክርኗ ተንዠቅዝቆ እምብርቷ ሲገባ ሳይ
ማንኪያ ፍለጋ እጄ ሳላዝዘው ተነሣ።
ከማዶ ሻይኒ አሳለች። እጄ የመጣበትን ረሳ።

አባቴ ሐርቡ ላይ ማሽላ ሲያበራይ፣
አንዲት ፍሬ ከአውድማው አምልጣ አፈር ላይ ሲያይ፣
ጎንበስ ብሎ ያነሣል፤ አቧራዋን እፍ ብሎ
ይስማታል፤ ይመልሳታል ከእህቶቿ ቀላቅሎ።
"እህል የረገጡትን ይከሳል" ይል ነበር፤
"ዳኛውም አያዳላም፣ ያውቃል የእህልን ነገር።"
አባቴ ሆይ፣ ና እየው፤ ቤቱ ሙሉ ከሳሽ ነው።
ከወንበር፣ ከግድግዳ፣ ከጸጉሯ…
ስንቱን ልሳመው?

ስታበቃ ሱፍራውን በአራት ጫፉ ጠቅልዬ
በመስኮት ብቅ እላለሁ፣ ትራፊውን ይዤ፣ ቀስ ብዬ፤
ከኤሲው ሳጥን ላይ ለእርግቦች እበትናለሁ፦
"ብሉልኝ። አልጣልሁትም፤ እናንተን እቆጥራለሁ።"
የማጥቢያዋን ውኃ በማታ ነው የማጠራቅመው፤
በነሐሴ፣ እዚህ አገር፣ ቀዝቃዛው ቧንቧ ነው የሚያቃጥለው።
ከባልዲው በጣሳ ሳፈስባት ትስቃለች፣
ካሮት ከአገጯ እጥፋት፣ ሩዝ ከጣቶቿ መሃል ትለቃለች፤
ያለቀ ሲመስለኝ ቴምር ከብብቷ ይወጣል፤
በየት መንገድ፣ በማን ቪዛ እዚያ ድረስ ይመጣል?

ዛሬ ግን እንቅልፍ ጣለኝ። የጥበቃ ልብሴን እንደ ለበስሁ
ራሴን ወንበሯ ጫፍ ላይ ጥዬ ለአንድ አፍታ አሸለብሁ።
እርጥብ ነገር አፍንጫዬን ነካኝ፣ ቀጥሎ ጺሜን ዳበሰኝ፤
ዓይኔን ስገልጥ ሒክመት ናት። በሁለት ጣቷ አጎረሰችኝ።
በድዷ የላመ ቴምር፣ ለብ ያለ፣ በምራቅ የራሰ።
ዋጥሁት።

አንድ ያጣላል።
አፌን ከፍቼ ሁለተኛውን ጠበቅሁ።
ቴምሩን አየች፣ እኔን አየች፤
ክንዷን ዘርግታ፣ ከሱፍራው ጠርዝ አሳልፋ፣
ነጩ ምንጣፍ ላይ ለቀቀችው።

ይህን ግን
አንሥቼ ሳምሁት።